እናቴ ኅብረት ገባች

አሽተን፣ ላንክሻየር
ግንቦት መጨረሻ፣ 1838

ለውድ የአክስቴ ልጅ ለኬዛያ፤

ከነባልሽ ከነሩበን ከነልጆችሽ የሰማዩ አባት በጤና ያቁማችሁ። ለእናቴ ለታማር ጉልበትሽን ስሟል በያት። እኔ ደኅና ነኝ። እንዲያውም ከደኅናም አልፌያለሁ።

አሁን ይህን ወረቀት ከዓይንሽ ራቅ አድርገሽ ያዢውና እዪው። የማን እጅ ጽሑፍ ይመስልሻል? የቄሱ? የዳኛው? የኔ ነው! የጄቤዝ ቶርሎ! ያ በሠርግሽ ዕለት ምስክር ሆኖ ስሙን መጻፍ ቢያቅተው መዝገቡ ላይ መስቀል የሠራው፣ መስቀሏም ብትንጋደድ ቄሱ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ ሸረሪት ረግጠህ ነው?» ያሉት ጄቤዝ። እስከ ዛሬ ደብዳቤ ያስጻፍኩት በሰው እጅ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን የሚጻፍለት የፈለገ ወደ እኔ ይምጣ።

ከፋብሪካ ስወጣ ከጸጉሬ ላይ ጥጡን አራግፌ የማታ ትምህርት ቤት እገባለሁ። አስተማሪያችን ኤልካና ሆብስ የሚባል ጫማ ሰፊ ነው፤ ቀን ጫማ ይሰፋል፣ ማታ እኛን ይወቃናል። ነጠላ ሰረዝ መተንፈሻ ናት ብሎናል፣ ስለዚህ፣ እንደምታዪው፣ እኔ፣ በደንብ፣ እተነፍሳለሁ። ከክፍሉ ሁሉ ፈጣኑ እኔ ነኝ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ኤልካና ነው ያለው። እርግጥ ያለው «ጄቤዝ ትፈጥናለህ፣ ግን ያነበብከውን አታየውም» ነው፤ እኔ የመጀመሪያዋን ወስጃለሁ።

ደግሞ ሌላ ወሬ። ኅብረት ገብቻለሁ! የፋብሪካ ሠራተኞች ኅብረት። እዚህ አገር «እገሌ ኅብረት ገባ» ከተባለ የቤት አከራዩ እንኳ ወንበር ይስብለታል። ለእያንዳንዱ ወንድ የምርጫ ድምፅ ይሰጠው የሚለውን ቻርተርም ደግፈናል። ከዚያም አዲሱን የድሆች ሕግ እየታገልነው ነው። ለባልቴትና ለሽማግሌ በየቤቱ ዱቄት መስጠት ይቅር፣ የተቸገረ ሁሉ አንድ ግቢ ይታጎር፣ ባልና ሚስትም ይለያዩ ይላል። ያንን ቤት እኛ በፈረንሳዩ እስር ቤት ስም ባስቲል እንለዋለን። ከተማችን ውስጥ ገና አልሠሩትም፤ እኔ ቆሜ እያለሁም አይሠሩትም። ወደናንተ ብቅ ካለ ጻፊልኝ፣ መጥቼ በአንድ ንግግር አፈርሰዋለሁ።

ጉዳዬ ይኸውልሽ፦ የአባቴን ጥቁር ኮት ላኪልኝ። በአደባባይ መናገሬ ስለማይቀር የሚያምር ነገር መልበስ አለብኝ። እናቴን ወደዚህ አመጣታለሁ ያልኩትን አልረሳሁም። ቦታ ሳገኝ። በመጪው ዓመት፣ ካልሆነ ደግሞ ከዚያ በሚቀጥለው።

የአክስትሽ ልጅ፣ በገዛ እጁ፣
ጄቤዝ


ኮልፎርድ፣ ሳፎክ
ሐምሌ 1838

ለአክስቴ ልጅ ለጄቤዝ፤

ጌታ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ልክህንም ያሳውቅህ። እጅ ጽሑፍህ ቆንጆ ነው። ሸረሪቷ አድጋለች።

የዘገየሁት ወድጄ አይደለም። የደብዳቤን ዋጋ የሚከፍለው ተቀባዩ መሆኑን ረስተኸው መሰለኝ። ጉራህን ደብዳቤ ከሚቀመጥበት መሸታ ቤት ለማውጣት ዶሮዬን ሸጥኩ፤ ያውም እንቁላል የምትጥለዋን።

ኮቱ የለም። አምና ክረምት ማገዶ ገዝተንበታል።

አሁን ስለ እናትህ። በየሳምንቱ በቤቷ ትቀበለው የነበረውን ዱቄት ከፋሲካ በኋላ አቆሙባት። የቤት ኪራይ ሲያቅታት እኛ ዘንድ መጣች። ክፍላችንን ታውቀዋለህ፤ ልጆቹ ተደራርበው ነው የሚተኙት። ሩበንም አጨዳ እስኪደርስ ሥራ የለውም። አንድ ጠዋት ተነሥታ ብርድ ልብሷን አጣጠፈችና «በቃ፣ የልጆቹን ዳቦ አልበላም» አለች። ለመንኳት፤ አልሰማችኝም።

እናትህ ኅብረት ገብታለች፣ ጄቤዝ።

ይኸው ጻፍኩት። ሐዘኗን እንዳልጽፍልህ ራሷ አስምላኛለች፤ ቤቱን ብቻ ልንገርህ። ኮረብታው ላይ ብዙ አጥቢያ ተባብሮ ያሠራው ትልቅ የጡብ ቤት ነው። በር ጠባቂ አለው፤ እሷን ለማየት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። የራሷን ልብስ ተቀብለው የነሱን አልብሰዋታል፣ ባለ ሰማያዊ መስመሩን። ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶች በሌላ በኩል ናቸው። ማዕድ ላይ መነጋገር ክልክል ነው። እስቲ አስበው፣ ታማር አፏን ዘግታ ስትበላ።

የምትለው ነገር ካለህ ጻፍልኝ። ከመጻፍ ሌላ የምታደርገው ነገር ካለም አድርገው።

ኬዛያ


አሽተን
ነሐሴ 1838

ለወርቋ የአክስቴ ልጅ፤

እጅሽ ይባረክ! እንዲህ ያለ ወሬ የጻፈች እጅ አትታመም!

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኅብረታችን ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው። እየዘለልኩ ሳነብ «እናትህ ኅብረት ገብታለች» የሚለው ጋ ደረስኩ። ወዲያው ወንበር ላይ ወጣሁ። «ወንድሞች!» አልኩ፣ «እናንተ ወጣቶቹ መዋጮ ስትጠየቁ ሆዴን አመመኝ ትላላችሁ። የእኔ እናት ግን ጥርሷ ካለቀ በኋላ ኅብረት ገብታለች!» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንዱማ ባርኔጣውን ወርውሮ መብራቱን ሰበረው።

ዱቄቱን ማቆማቸውን ኋላ አነበብኩት፤ አንጀቴን በልቶታል። ግን አየሽ? የገባችው ለዚህ ነው! ዱቄቷን ቢነኩባት ተነሣች! የእናቴ ደም እንዲህ ነው፣ እኔም ከሌላ አላመጣሁትም።

ደግሞ የናንተ ኅብረት ምን ዓይነት ነው በይ! ብዙ አጥቢያ ተባበረ? እኛ ሁለት ፋብሪካ ማስተባበር አቅቶናል። የራሳቸው የጡብ ቤት አላቸው? እኛ የምንሰበሰበው ከጋጣ በላይ ነው፤ ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ፈረሱ ይመልስለታል። ልብስ ሰጧት? እኛ ያለን አንድ ባንዲራ ነው፣ እሱንም አይጥ በልቶታል። በር ጠባቂ ማቆማቸው ልክ ነው፣ ሰላይ ብዙ ነው፤ የኛ ዘበኛ ተኝቶ ሰላዩ ነው የሚቀሰቅሰው። ሴትና ወንድ ለየብቻ መቀመጡም እንደ ጸሎት ቤት ጨዋነት ነው። ማዕድ ላይ ዝም ማለት ደግሞ ዲሲፕሊን ይባላል። ይህን ቃል ባለፈው ሳምንት ነው የተማርኩት።

በዚህ ነገር እኔ ስለበሰልኩ ለእናቴ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ። ብቻዋን እንዳትናገር። አንድ ሰው ሲናገር ረባሽ ይሉታል፤ ሁሉም በአንድነት ዝም ሲል ግን ጌቶች ይደነግጣሉ። መጀመሪያ ሊቀመንበር ይምረጡ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ ትንሽ ነገር፣ በሕግ የሚገባቸውን ነገር። እስኪሰጣቸው ድረስ ሁሉም ከያዙት ነገር እጃቸውን ያንሡ።

ለክብሯ አረንጓዴ የሐር ጥብጣብ እዚህ ውስጥ አጥፌ ልኬላታለሁ። የኛ ቀለም ነው፤ በደረቷ ላይ አሻግራ ትሰረው። ኮቱን ተዪው፣ ቀርቶብኛል። በሱ ፋንታ የእናቴን ቃል ላኪልኝ፣ በንግግሬ ላይ አነበዋለሁ።

የኅብረተኛዋ ልጅ ኅብረተኛው
ጄቤዝ


ኮልፎርድ
ጥቅምት 1838

ጄቤዝ፤

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር። ከዚያ በኋላ የምለውን አላውቅም።

ጥብጣብ ስለጨመርክበት እጥፍ አስከፈሉኝ። እስክከፍል ድረስ መሸታ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ፣ የመጣ ሰው ሁሉ እያነሣ «የጄቤዝ ወሬ ዘንድሮ ከብዷል» ሲል ከረመ።

አንብቤው እሳት ውስጥ ልጨምረው ነበር። እናቱ ላይ ሊሳለቅ ነው ብዬ አለቀስኩ። ደግሜ ሳነበው «አይ፣ እውነቱን ነው» አልኩ። እንደገና ሳነበው ግን ማን እየተሳለቀ፣ ማን እየተሞኘ እንደሆነ ጠፋኝ። በመጨረሻ ፈቃድ አውጥቼ ይዤላት ሄድኩ።

«ምን አለ ልጄ?» አለችኝ።

«ደስ ብሎታል» አልኳት።

«በምኑ?»

«ኅብረት በመግባትሽ።»

በእጄ ወደያዝኩት ወረቀት አመለከተች። «እስቲ አንብቢው።»

አነበብኩላት። የጡቡ ቤት ላይ ስደርስ ከንፈሯን ነከሰች። በር ጠባቂው ላይ ስደርስ በእጇ አፏን ያዘች። ልብሱ ላይ ስደርስ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ወረቀቱን ሳጥፍ፣ ለካ እየሳቀች ነው! እንባዋ እስኪወርድ ነው የሳቀችው። «ይህ ልጅ» አለች፣ «ድሮም ሾርባው ሳይቀርብለት ጣፈጠኝ የሚል ነበር።»

«እውነቱን ልጻፍለት?» አልኳት።

«እስካሁን የጻፍሽለት ሐሰት አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው ተዪው። ስለ እናቱ ወንበር ላይ ቆሞ እያወራ ነው። ከዚያ ወንበር ላይ ጎትተሽ ልታወርጂው ነው?»

አጠገቧ ቻሪቲ ፔክ የምትባል አሮጊት ተቀምጣ ነበር። ጆሮዋን አቁማ ስትሰማ ቆይታ «ያን ስለ ሊቀመንበሩ ያለውን መልሺልኝማ» አለች። መለስኩላት። «ልጅሽ ጅል አይደለም» አለቻት። እናትህም «ጅልስ ነው፣ ግን ምክሩ ጅል አይደለም» ብላ መለሰችላት።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ! ቻሪቲ የማተሚያ ፊደል ማንበብ ትችላለች። መመገቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ደንብ ለአሮጊቶች በአጥሚት ፋንታ ጠዋት ሻይ ይሰጣል ይላል። ሻይ የሚባል ግን አንድም ቀን አይተው አያውቁም። እናትህን ሊቀመንበር መረጧት። አንድ ሰኞ ጠዋት አጥሚቱ ቀረበ፤ ሁሉም ማንኪያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ።

«ምን ሆናችኋል?» አለ የቤቱ ሹም። ዝም።

«አጥሚቱ ምን ጎደለው?» ዝም።

«እኮ ማን ነው ያሳደማችሁ? መልሱልኝ እንጂ!» እናትህ ቀስ ብላ ጣቷን አነሣችና ከራሱ ጀርባ የተሰቀለውን አሳየችው፦ ማዕድ ላይ መነጋገር ክልክል ነው። ከዚያ ጣቷን ዝቅ አድርጋ ቀጥሎ ያለውን አሳየችው፦ ለአሮጊቶች ሻይ።

ቀናት አለፉ፤ አንዲት ማንኪያ አልተነሣችም። በዳቦ ብቻ ቆዩ። በመጨረሻ ሻዩ መጣ። ውሃው አጠገብ ሻይ ያለፈ ነው የሚመስለው ትላለች፤ ግን ትኩስ ነው። ጥብጣቡን ከልብሷ ስር ታስረዋለች።

ይህ የእናትህ ቃል ነው። አሁን ደግሞ የእኔን ስማ። ሳል ይዟታል። ይህን እንዳልጽፍ አልከለከለችኝም፣ ስላልጠየቅኋት። ጄቤዝ፣ እናትህ ያለችበትን በደንብ ታውቀዋለህ? እባክህ ደብዳቤዎቼን ቀስ ብለህ አንብባቸው።

ኬዛያ


አሽተን
ጥር 1839

ኬዛያ፤

ሰላምታዬን ራስሽ ሙዪው። ነጠላ ሰረዝ አላደርግም። ትንፋሽ የለኝም።

ቀስ ብዬ አላነበብኩትም። የማንኪያው ወሬ ላይ ስደርስ ጮኬ ተነሣሁ። የቀረውን ኪሴ ከተትኩት። በማግስቱ ሰኞ ሥራ ትተን ከከተማው ውጭ ሜዳ ላይ ትልቅ ስብሰባ ነበረን። ጋሪ ላይ አወጡኝ። ያን ያህል ሕዝብ ከላይ ሆኜ አይቼ አላውቅም። ስለ እናቴ ተናገርኩ። ጣቷን እንዴት እንዳነሣች በራሴ ጣት አሳየሁ። ሰዉ አበደ። ባርኔጣ ሲወረወር ሰማዩ ጠፋ።

ከፊት አንዲት ሴት ብቻ አላጨበጨበችም። ፊቢ ላርተር ትባላለች። ከኖርፎክ የመጣች ነች።

«አንተ! እናትህ የት አገር ናት?» አለችኝ።

«ሳፎክ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ኅብረቱ ኮረብታ ላይ ነው? የጡብ ቤት ነው?»

«ትልቅ የጡብ ቤት!»

«ልብሱ ሰማያዊ መስመር አለው?»

«አለው! አንቺም አባል ነሽ እንዴ?»

ሴትየዋ መሳቅ ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው። «ልጄ ና ውረድ» አለችኝ። እንደ እናት ነው የተናገረችኝ። «እኛ አገር ኅብረት የሚባለው አጥቢያዎች ተባብረው የሠሩት የድሆች ቤት ነው። እናንተ ባስቲል የምትሉት። እኔ ከዚያ ሸሽቼ ነው የመጣሁት። እናትህ አልተደራጀችም። ታስራለች።»

ሰዉ ግን አልሰማትም። እያጨበጨበ ነበር። እኔ ጣቴን እንዳነሣሁ ቀረሁ። እጄን ማውረድ አቃተኝ። ሰዎቹ ሌላ ነገር ልናገር መስሏቸው ዝም አሉ። እኔ ግን የምናገረው አልነበረኝም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ኤልካና ዘንድ ሄጄ ደብዳቤዎችሽን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጣት እየተከተልኩ አነበብኳቸው። ቃላቱ እነዚያው ናቸው። ደብዳቤው ግን ሌላ ነው። ብርድ ልብሷን አጣጠፈች የሚለው ያኔ የት ነበር? እኔ ያን ጊዜ አላየሁትም። ለምን አልነገርሽኝም? ነግረሽኛል። ታዲያ ለምን ጮኸሽ አልነገርሽኝም? ባስቲልን በንግግር አፈርሳለሁ ስል እናቴ ውስጡ ሆና አጥሚት ትበላ ነበር። አይደለም። ሻይ ትጠጣ ነበር። ሻዩን ደግሞ ያስገኘሁት እኔ ነኝ። አይደለሁም? ልኩራ ወይስ መሬት ልግባ? ኤልካናን ብጠይቀው «እኔ ያስተማርኩህ ፊደል ነው» አለኝ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ኮት አልፈልግም። ቃሏንም አልፈልግም። እናቴን ላኪልኝ። ፊቢ ሜዳው ላይ ያልሰማትን ሰው ስብሰባው ውስጥ አሰማችው። የኅብረቱ ሰዎች የመጓጓዣዋን አዋጡ። ባርኔጣውን የወረወረው ሰውዬ ባርኔጣውን ሸጠው። የቤት አከራዬ ምድጃው አጠገብ ያለውን ጥግ ለቆልኛል። የተከራየነው ጋሪ ነጂ መጋቢት ውስጥ እናቴ ያለችበት ቤት በራፍ ድረስ ይመጣል። በጋሪ እስከ ለንደን ከዚያ በቦይ ጀልባ እኔ ዘንድ። ሳሉስ እንዴት ነው? ጻፊልኝ። ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።

ጄቤዝ


ኮልፎርድ
መጋቢት 1839

ለአክስቴ ልጅ ለጄቤዝ፤

ጌታ አንተንም እሷንም በደኅና ያገናኛችሁ። ይህን ስታነብ ምናልባት ከጎንህ ተቀምጣ ይሆናል። ከሆነ አብራችሁ አንብቡት፤ እንድትዋሽህ ዕድል አትስጣት።

ሄዳለች። አወጣጧን ግን ልንገርህ፣ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነውና።

ጋሪው በጠዋት መጣ። ሹሙ የራሷን ልብስ አምጥቶ ሰጣት። ተባይ ለማጥፋት ያጠኑት የድኝ ጭስ ሸቷል፣ ብል በልቶታል፤ እሷ ግን እንደ ሠርግ ልብስ አስተካክላ ለበሰችው። በሩ ድረስ መጣች። አንዱን እግሯን የጋሪው መወጣጫ ላይ አደረገች። ሳሏ እስኪያልፍላት ጠበቅን። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር አለች፤ ሴቶቹ ሁሉ መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል።

«ሻዩን ቢያነሡባቸውስ?» አለችኝ።

«እትዬ ታማር! ልጅሽ ጋሪ ልኮልሽ አንቺ የምታስቢው ስለዚያ ቆሻሻ ውሃ ነው?» ተቆጣኋት። እግሯን አወረደች። ተመልሳ ገባች!

በር ጠባቂው ደብተሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። «አሁን ወጥታለች ብዬ ልጻፍ ወይስ ገብታለች?» ይለኛል። እኔ ምኑን አውቄ! ጋሪ ነጂው ይሳደባል፣ ፈረሱ መሬት ይጭራል። እዚያው ቀረች አልኩ። ለአንተ ምን ብዬ ልጻፍ?

በኋላ ወጣች። ጥብጣቡ የለም። ቀና ስል ቻሪቲ ፔክ መስኮቱ ላይ ቆማለች፤ አረንጓዴው በባለ ሰማያዊ መስመሩ ልብስ ላይ ተሻግሯል፤ ከስሩ ሳይሆን በላዩ።

በር ጠባቂው ሊያሾፍባት «እንግዲህ እማማ፣ ኅብረቱን ለቀቁ?» አላት።

«ማን ለቀቀ?» አለችው። «ተተኪዬን አስመርጬ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ እየተዛወርኩ ነው። አጥርተህ ጻፈው።»

ምን እንደጻፈ አላየሁም። ብዙ ጊዜ ወስዶበታል።

እንግዲህ ስትደርስ ጥብጣቤስ ብለህ አትቆጣት። እናትህን አልሰጥህም ብዬ አይደለም መልስ ያዘገየሁት። እዚህ የቀረችኝ የሥጋ ዘመድ እሷ ብቻ ስለነበረች እጄ አልላላ ብሎ ነው።

ስለ እኛ ጠይቀኸኝ አታውቅም፣ አልቀየምኩህም። ሩበን ከአጨዳው ወዲህ ሥራ አላገኘም። ዱቄት ለመጠየቅ ብንሄድ «ኅብረቱ ክፍት ነው» አሉን። ሩበን በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል፣ ልጆቹ በሌላ በኩል። በበልግ እርሻ ካልቀጠሩት የምንሄድበት ያው ነው። እዚያ ቀለምና ወረቀት ስለሌለ እኔ ራሴ አልጽፍልህም፤ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልህ።

ስለዚህ ጄቤዝ፣ «ኬዛያ ኅብረት ገባች» የሚል ወረቀት ከደረሰህ ወንበር ላይ አትውጣ። ጥብጣብም አትላክልኝ።

ጋሪ ላክ።

የአክስትህ ልጅ
ኬዛያ